የአቶ ገብረሕይወት ፊርማ

ካዛንቺስ፣ ኅዳር 2002 ዓ.ም.

ልጄ ሰገን፣ የረገጥሽው ምድር ይቅናሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ ዳገት አልወድም ብሏል።

«አየሩን ያበላሹ ሀብታም አገሮች ይካሱን» የሚለውን ወረቀትሽን ይዤ ፊርማ ለመሰብሰብ የእድራችንን ቤቶች ዞርኩ። ጎረቤታችን አቶ ገብረሕይወት፣ «ፈረንጅ ስሜን አይቶ ዝናብ ይልክልኛል?» ብለው እንቢ አሉኝ። ተቀይሜ ወጣሁ። በማግስቱ ግን ራሳቸው መጡ። ለካ ራያ ያለው ወንድማቸው ድርቁ ጠንቶበት በሬዎቹን መሸጡን ደውሎ ነግሯቸው ኖሯል።

«ጭሱ የእነሱ፣ ድርቁ የእኛ። እንዲህ ብለሽ ጻፊበት» አሉኝና ፈረሙ።

ኮፐንሃገን፣ የአየር ንብረት ጉባኤው ደጅ በምትወጡት ሰልፍ ላይ ስታነቢው ቃላቸውን እንዳትዘልዪብኝ፣ አደራ። ሹራብ ደርቢ፤ ከፖሊስ ጋር አትጋፊ። ድንግል ከፊት ከኋላሽ ትሁን።

እናትሽ ዘውዲ