ሮዙ ኮቴ

የካቲት 3

ልጄ ሮዝ ኮቴን ጥቁር አስነከረው። የገዛ ልጄ። «ላውንደሪ ወስጄ ላስተኩስልህ» አለኝ… ሰጠሁት። ምን ብዬ ልጠርጥር?

ቀኑ እንደ ወትሮው ነበር። አንድ ሱሪ አሳጠርኩ፣ የአንድ ኮት ገበር ቀየርኩ። አመሻሽ ላይ ልጄ ጥቁር ነገር በላስቲክ ይዞ ሱቄ ገባ።

«አባዬ፣ ለእህቴ ሠርግ ብዬ ነው። ሮዝ እኮ የሴት ነው። ሰው ምን ይላል?»

«ቀለም ጢም ያወጣል እንዴ፣ ወንድና ሴቱ የሚለየው?»

ላስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ወጣ።

የካቲት 4

ስፌትን ማንም አላስተማረኝም፤ የሰው አሮጌ ኮት እየፈታሁ ነው የለመድኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ለወንድ ግራጫ ቆረጥኩ። መደርደሪያዬ ላይ ያለውን ሮዝ ጣቃ ጨርቅ ያላየ ደንበኛ የለም። እጃቸው ሮዙ ላይ፣ አፋቸው ግራጫው ላይ። ፈሪ ሁሉ! ሴት ልጄን ልድር ስል ለራሴ ቆረጥኩት። አንዴ። ይቺ በዛች?

የካቲት 5

ኮቱን ፀሐይ ላይ አውጥቼ አየሁት። ጨርቁ ጠቁሯል። ስፌቱ ግን… ሮዝ! ኮሌታው፣ ኪሱ፣ የቁልፍ ቀዳዳው ሁሉ። ያኔ የጥጥ ክር አጥቼ፣ እያጉረመረምኩ በሮዝ ፖሊስተር ክር ነበር የሰፋሁት።

ላውንደሪ ቤቱ ሄጄ ባለቤቱን ጠየቅኩት። «አባት፣ ጨርቁ ቀለሙን ጠጣ፣ ክሩ አሻፈረኝ አለ። በእርስዎ ወጥቶ ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

የካቲት 7

ልጄ ጥቁር ማርከር ይዞ መጣ። ክሩን አንድ በአንድ ላጥቁረው ይላል! ይሄ ነው ቢሮ የሚያስተዳድረው።

«ካልሆነ ግራጫ ኮትህን ልበስ።»

«በሩን ዝጋልኝ።»

«እሺ… ከውስጥ?»

«ከውጭ።»

የካቲት 9

ሠርጉ። ለበስኩት። ፎቶ ስንነሳ ልጄ እጅጌዬን በክንዱ ሊሸፍን ሞከረ። ሙሽራዋ ገፋ አድርጋው መሀላችን ገባች። ኮቱን ስሰፋው አይታው ነበር። ጣቷን በስፌቱ ላይ አስሄደች።

«አባዬ፣ ሮዙን ምን ዋጠው?»

በሠርጓ ቀን ወንድሟን ልክሰስ? «ክሩ አለ» አልኳት።

የካቲት 12

ኮቱን ሱቁ በር ላይ ሰቀልኩት። አንድ ደንበኛ ግራጫ ሱፍ አዘዘ፣ እንደ ሁሉም። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ «የቁልፍ ቀዳዳውን እንኳ… እንደዚያኛው ኮት በሮዝ ክር ቢያደርጉልኝ?» በሹክሹክታ! የሰረቀ ይመስል።

ልጄም መጣ።

«አባዬ፣ የኮቱን ነገር…»

«የምን ኮት?»

«አባዬ…»

«ካውያውን አቀብለኝ።»

አቀበለኝ። ንዴቴ አልበረደም፤ ላይበርድም ይችላል። እህቱ ብትጠይቀኝ ማን እንዳስነከረው አልነግራትም። እሱም ይቅርታ ልበል ቢል አልሰማውም። ይህ ነገር ከአፌ አይወጣም። እዚህ ደብተር ላይም ደግሜ አልጽፈውም።