ቦይለሩና የክርስትናው አባት

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 12። ረፋድ

ቤቱን የሚያሞቀው ቦይለር እንደገና ጠፋ። ካፖርት ለብሼ አጠባለሁ። ማሙሽ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አፍንጫው ብቻ ይታያል። ዛሬ ሃያኛ ቀኑ ነው። ለክርስትናው ሃያ ቀን ቀረ፣ እኔም ከዚህ ቤት እግሬን ለማውጣት ሃያ ቀን። በመስኮት የማየው የጎረቤትን መኪና ጣሪያ ነው፣ እሱም በበረዶ ተሸፍኗል።

ሲራክ ለጋሽ መኮንን ደወለ። ባሌ ሁሌም የሚደውለው ለእሳቸው ነው። ብሉሚንግተን ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ሜንቴናንስ ይሠራሉ፤ ይህን አሮጌ ቤት ከገዛን ጀምሮ ቦይለሩን የሚያስነሱልን እሳቸው ናቸው። ገንዘብ አይቀበሉም። ከሥራ በቀጥታ ይመጣሉ፣ ከቤቱ ሥር ወዳለው ቤዝመንት ይወርዳሉ፣ ይቆያሉ፣ ይነሳል። ከዚያ ይጠፋል። የማሙሽ የክርስትና አባትም እሳቸው ናቸው። ወንድ ከሆነ ብሎ ሲራክ ገና ሳልወልድ ቃል ገብቶላቸዋል።

ማክሰኞ፣ 13

በፖስታ የመጣውን ወረቀት አነበብኩ። የቦይለር ጥገና ፕላን፣ በየወሩ የሚከፈልበት። ሦስት ዓይነት ነው። በትንሹ፣ በዓመት አንዴ መጥተው ጠርገው ይሄዳሉ፤ ቢበላሽ የራስሽ ጉዳይ ነው። መካከለኛው ጥገናውንም ዕቃውንም ይሸፍናል። ትልቁ ቧንቧውን፣ መብራቱን፣ እኛ የማንፈልገውን ሁሉ ይጨምራል። መካከለኛው ይበቃናል። ደወልኩ። ስልክ ያነሳችው ልጅ ጨዋ ናት። መጀመሪያ ባለሙያ መጥቶ ያየዋል አለች። እስካሁን ማን ነው የሚጠግነው ስትለኝ ዘመድ አልኩ። ፈቃድ አለው ወይ? ሕፃኑ አለቀሰ ብዬ ዘጋሁት። አላለቀሰም።

ሲራክ ከሥራ ሲገባ ነገርኩት። በጭራሽ አለ። ጋሽ መ. ቅር ይላቸዋል፣ ናቁኝ ይላሉ፣ የክርስትናው ደስታ ይበላሻል። ከክርስትናው በኋላ እናየዋለን። ለእሱ ቀላል ነው፣ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ሞቃት መኪና ውስጥ።

ሐሙስ፣ 15

ጠፋ። ጋሽ መ. በዚያ በረዶ ነድተው መጡ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ደረጃውን በጎናቸው ነው የሚወርዱት። ባትሪ ላበራላቸው ተከትዬ ወረድኩ። ክዳኑን ከመክፈታቸው በፊት ቆም አሉና አማተቡ።   አራስ እዚህ ምን ትሠራለች ብለው ወደ ላይ መለሱኝ። ተነሳ። ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ።

ሰኞ፣ 19። ጥምቀት

ሁሉም ቤ/ክ ነው። እኔ አርባ ቀን እስኪሞላ አልገባም። እትዬ አስለፈች፣ የጋሽ መ. ባለቤት፣ ሕዝቡን ትተው ገንፎ ይዘውልኝ መጡ። ካፖርታቸውን አላወለቁም። ቤቱ ለምን ቀዘቀዘ አሉ። ቦይለሩ ያስቸግረናል፣ ዕድሜ ለጋሼ እየመጡ ያስነሱልናል አልኩ። ጋሼ እየመጡ እንደሚጠግኑልን እሳቸው እንዳልሰሙ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ደብተሬ፣ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ጋሽ መ. ቦይለር አያውቁም። ሆቴሉ ውስጥ የሚሠሩት በር፣ አምፖል፣ የተደፈነ ሲንክ ነው፤ ለቦይለሩ ከውጭ ሰው ይመጣል። ራሳቸው እንኳ ሮዝቪል ላለው ቤታቸው የጥገና ፕላን አላቸው። ያውም መካከለኛውን! መጀመሪያ ጊዜ ሲራክ እርስዎ መቼም አያቅትዎትም ብሎ ሲጠራቸው አላውቅም ማለት ከብዷቸው ይሆናል አሉ እትዬ። አንዴ ስለተነሳላቸው ባለሙያ ሆነው ቀሩ። ሰሞኑን ስልካቸው ላይ የቦይለር ቪዲዮ የሚያዩት ለካ ለእኛ ኖሯል። እትዬ አደራ አሉኝ፤ እኔ እንደነገርኩሽ ካወቀ አዋረድሽኝ ይለኛል።

ሳቅሁ። ከዚያ ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ። ቦይለሩ የሚነደው በጋዝ ነው እኮ። ልጄ የሚተኛው ከዚያ ነገር በላይ ነው።

ረቡዕ፣ 21

ለሲራክ ነገርኩት። መጀመሪያ አላመነም። ሲያምን ደግሞ ጭራሽ አይቻልም አለ። አሁን ፕላን ብንገባ ጋሽ መ. ማን ነገራቸው ብለው ይጠይቃሉ፣ እትዬ ይጋለጣሉ፣ በሰው ትዳር ገባን ማለት ነው። እሱ ያለው እውነት ነው፣ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ብፈርም ሰው አስቀይማለሁ፣ ባልፈርም ለልጄ እፈራለሁ። ከመኝታ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን መኝታ ቤት። ቤቱ ጠበበኝ። ሲራክን እወደዋለሁ፣ ዛሬ ግን አንጀቴን አሳርሮታል።

ቅዳሜ፣ 24። ጠዋት

ጠፋ። በመስኮቱ መስታወት ላይ በውስጥ በኩል በረዶ ሠርቷል። የማሙሽን እጅ ነካሁት፣ ቀዝቅዟል። ሲራክ ስልኩን አንስቶ የጋሽ መ.ን ስም ሲፈልግ ከእጁ ወሰድኩት።  መጀመሪያ ለጥገናው ድርጅት ደወልኩ። መካከለኛውን አልኩ። ፈቃድ ያለው ሰው ነክቶት ያውቃል ወይ ሲሉኝ አያውቅም አልኩ፣ እቅጩን። ዛሬውኑ ሰው እንልካለን አሉ።

ቀጥዬ ለጋሽ መ.። 

«ጋሼ፣ ቦይለሩ ጠፍቷል። ዛሬ ግን እንዳይመጡ። ፈቃድ ያለው ሰው ጠርቻለሁ። የወሰንኩት እኔ ነኝ፣ ሲራክ የለበትም።»

 ሲራክ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። የክርስትናው ነገር እዚህ ላይ አበቃ አልኩ በልቤ።

«ልጁ ከተወለደ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም» አሉ፣ ድምፃቸው ሰለል ብሎ። «እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ።»

ስልኩን ዘጋሁት። ሲራክ ምን አሉ፣ ምን አሉ ይለኛል። እስኪ እሱም ትንሽ ይጨነቅ ብዬ ይህን እጽፋለሁ። በሩ ተንኳኳ፣ ሰውየው መጣ መሰለኝ፣ ልክፈት—