ከድራቫ የወጣው የአባታችን ደፍ

የአባታችንን የባርቶል ጉያሽን የሕይወት ታሪክ ጻፊ ሲለኝ ወንድሜ ስቲፓን «ከልደታቸው ጀምሪ፣ ሌላ ነገር እንዳትቀላቅዪ» ብሎኝ ነበር። እኔ ልጃቸው የላ ግን ከዚያ አልጀምርም። የምጀምረው እ.ኤ.አ. በ1968 በበረዶው ክረምት የእናታችን የኦርሻ ሬሳ በጓሮ በር ከወጣበት ቀን ነው።

በመንደራችን ሬሳ ከቤት ሲወጣ ሣጥኑ የበሩን ደፍ ሦስት ጊዜ ይነካል። ሟች ቤቱን የሚሰናበተው እንደዚያ ነው፤ ሳይነካ የወጣ እንደ እንግዳ ወጣ ይባላል። ያኔ የምንኖረው በአጎታችን ቤት ጓዳ ተጠግተን ነበር። ሣጥኑ ወደ ዋናው በር ሲቀርብ የአጎታችን ሚስት አክስት ማንዳ መቃኖቹን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። «ደፉ የኛ ነው። የሰው ሬሳ ነክቶት ሞት ቤቴን አይለምድም። በጓሮ አውጡ» አሉ። አባታችን ሣጥኑን ወደ ጓሮ አዞሩት። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሰምቻለሁ፣ አልረሳሁም።

አሁን ወደ ልደታቸው ልሂድ።

ባርቶል ጉያሽ ከአባታቸው ከፓቮ ጉያሽና ከእናታቸው ከቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1931 በሃንጋሪ ድንበር በዮሻኔ መንደር፣ በታችኛው መንገድ ተወለዱ። በመንግሥት መዝገብ በሃንጋሪኛ «በርታላን» ተብለው ተጻፉ፤ በቤታቸው ግን እንደማንኛችንም በክሮአትኛ ባርቶል ነበሩ። ዮሻኔ ያን ጊዜ ሁለት መንገድ ነበራት። ላይኛው ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ከፍታው ላይ፣ ታችኛው የድራቫ ወንዝ በሚታጠፍበት ዳር። ወንዙ የኛን ዳር እየቦረቦረ አሸዋውን ማዶ ይደፋል። ማዶ ሌላ አገር ነው፤ ያሉትም ቋንቋቸው የኛው ስለሆነ አያታችን ፓቮ «ድራቫ ከኛ ሰርቆ ለዘመዶቻችን ያበላል» ይሉ ነበር።

አባታችን ስድስት ዓመት ተምረው ከአባታቸው ዘንድ ጀልባ መሥራት ለመዱ። እጃቸው ገና ሙያውን እንደያዘ ድንበሩ ተዘጋ። ወንዙ የወታደር ሆነ፣ የመንደሩ ጀልባዎችም ተሰብስበው ተቃጠሉ። ከዚያ ወዲያ በር፣ መስኮትና ደፍ እየሠሩ ኖሩ። ዛሬ በዮሻኔ የምትረግጡት ደፍ አብዛኛው የእሳቸው እጅ ሥራ ነው። የአክስት ማንዳም ጭምር።

በ1955 እናታችንን አግብተው ስቲፓንንና እኔን ወለዱ። በ1966 የጸደይ ጎርፍ መጣና ታችኛውን መንገድ እንዳለ ወሰደው። ሰው ተረፈ፣ ቤት አልተረፈም። አጎታችን ጓዳቸውን ሰጡን። ጓዳው እርጥብ ነበር። እናታችን ሳንባቸውን ታመው በሁለተኛው ክረምት ዐረፉ፤ የሆነውን ከላይ ተናግሬያለሁ።

በዓመቱ አባታችን በላይኛው መንገድ ጫፍ የራሳቸውን ቤት ሠሩ። ለመንደሩ ሁሉ ደፍ የሠሩ ሰው የገዛ በራቸውን ያለ ደፍ አቆሙት። ክረምት በመጣ ቁጥር ነፋሱ በበሩ ሥር ይገባል፣ እኛ ጨርቅ እንወትፋለን። ሲጠየቁ «ደፌ ወንዙ ውስጥ ነው። የበሉጥ እንጨት ነው፣ ውሃ አይበላውም» ይላሉ። መጠጥ ቤት ውስጥ «ባርቶል፣ ዛሬ ደጅህን የትኛው ዓሣ ጠረገልህ?» ብለው ሲሳለቁባቸው «የትኛው እንደሆነ እንጃ፣ ካንተ ሚስት ግን ይሻላል» ብለው ብርጭቋቸውን ያነሣሉ። ሌላ ሚስት አላገቡም።

ሕመም አልነበራቸውም። ይህን የምጽፈው ሰው ሁሉ «ምን አሟቸው ነበር?» ስለሚለኝ ነው። ዘንድሮ ድርቁ ጸንቶ ድራቫ የትኛውም ሽማግሌ እንዲህ አይቼዋለሁ እስከማይል ድረስ ጎደለ። ሐሙስ ጠዋት «የታችኛው መንገድ መሠረት ብቅ ብሏል» የሚል ወሬ መጣ። ስቲፓን «አባባ፣ ፀሐዩ ከባድ ነው፤ ነገ በትራክተር እወስድዎታለሁ» አላቸው። «ነገ ቢዘንብስ?» ብለው አካፋቸውን ይዘው ወጡ። ለምሳ ሲቀሩ ተከትዬ ሄድኩ።

ያየሁትን እስካሁን አላመንኩትም። በደረቀው አሸዋ ላይ የቤቶቻችን ድንጋዮች ተራ በተራ ወጥተዋል። በኛው ቤት ድንጋዮች መካከል እንደ ከሰል የጠቆረ ወፍራም እንጨት፣ ዙሪያው ተቆፍሮ ተገልጧል። አባታችን እላዩ ላይ ተቀምጠዋል፣ አካፋው ጭናቸው ላይ ነው። ጠራኋቸው። አልመለሱም። ቀርቤ ትከሻቸውን ነካሁ። ዐርፈዋል። ጫማቸውን አውልቀው ከደፉ ውጭ ጎን ለጎን አስቀምጠውታል። እናታችን ቤት ውስጥ ጭቃ አይወዱም ነበር።

ባርቶል ጉያሽ በተወለዱ በ81 ዓመታቸው ኦገስት 23 ቀን 2012 በተወለዱበት ቤት በር ላይ ዐረፉ። ሁለት ልጆችና አራት የልጅ ልጆች ትተዋል።

በማግስቱ ሰንሰለት ፈለግሁ። ስቲፓን «ሬሳ ሳይቀበር እንጨት ልትጎትቺ? ሰው ምን ይላል?» አለኝ።

«ያለውን ይበል። አንተ ትራክተሩን ካልነዳህ እኔ እነዳዋለሁ።»

እያጉረመረመ ነዳው። እንጨቱን አወጣነው፣ አጠብነው፣ ወደ አባታችን በር አመጣነው። ስቲፓን የሚተርፈውን ሊቆርጥ መጋዝ ይዞ ነበር። የሚቆረጥ አልነበረም። ደፉ በሁለቱ መቃኖች መካከል ገብቶ ቁጭ አለ። ለካ አባታችን ያንን በር የሠሩት ወንዝ ውስጥ ባለው እንጨት ልክ ኖሯል! ስቲፓን መጋዙን ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። 

ትናንት አክስት ማንዳ በከዘራቸው እየተደገፉ ለቅሶ መጡ። ደፉን ሲያዩ ከውጭ ቆሙ። «የላ፣ ልግባ ወይስ በጓሮ ልዙር?» አሉኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ፤ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። «ደፍ ነው፣ አክስቴ። ይሻገሩት» አልኳቸው። እጄን ግን አልሰጠኋቸውም። የሰጣቸው ስቲፓን ነው።

ዛሬ ሣጥኑ ከቤት ሲወጣ ደፉን ስድስት ጊዜ የነካ የመሰላችሁ ካላችሁ አልተሳሳታችሁም፤ ተሸካሚዎቹን ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ። ሦስቱ የአባታችን ናቸው። ሦስቱ የእናታችን የኦርሻ ናቸው። እንግዲህ ሁለቱም ቤታቸውን ተሰናብተዋልና የሰማዩ ባለቤት በዋናው በር ያስገባቸው።