ለፈተና ቀን የተቆለፈው መድኃኒት

ውድ አባ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ አንድ ከባድ ወንጀል መፈጸሜን አምናለሁ። አረንጓዴውን ሽርጥህን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ልተኩሰው ዘርግቼ ሳለ ግድግዳው ላይ እንሽላሊት አየሁና ዓይኔ አብሯት ሄደ። ጋሼ ሰይድ ቀዳዳውን አገላብጠው አይተው «አይጥ ነው የበላው» ብለው ፈረዱ። የካውያ ቅርጽ ያለው አይጥ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ካለ እኔም ባየው ደስ ይለኛል።

ከቀበርንህ አሥር ወር ሆነ። የተከልከው ማንጎ ዘንድሮም አፍርቷል፤ እማ ግን ፍሬውን ለሰው ትሰጣለች እንጂ አትቀምሰውም። ወንድምህ ጋሼ ሰይድ እኛ ጋ ገብተዋል። ሬዲዮኑን፣ የበሩን ቁልፍና የእኔን መድኃኒት በአንድ ቀን ተረከቡ።

ዶክተሩ «ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም፣ ትኩረቷን መያዝ ነው ያቃታት» ያሉህ ቀን ትዝ ይልሃል? የበሽታውን ስም «ኤዲኤችዲ፣ ኤዲኤችዲ» እያልክ ከጣርማ በር እስከ ቆላው ስታጠና መጣህ። እኔ በመስኮት ዝንጀሮ እቆጥር ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ጠዋት፣ ከቁርስ ጋር አንዲት እንክብል። ሙቀት እንዳያገኛት ጠርሙሱን ከውኃው እንስራ አጠገብ ታስቀምጠው ነበር። መድኃኒቱ ጎበዝ አላደረገኝም፤ ግን አንድ ገጽ ጀምሬ እጨርስ ነበር።

ጋሼ ሰይድ ግን ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩና «ይህን የመሰለ ብርቅ ነገርማ በተራ ቀን አይባክንም፤ ለፈተና ቀን ይቀመጥ!» አሉ። ከዒድ ልብሳቸው ጋር ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። «ጋሼ፣ ዓመቱን ሙሉ ያላጠናሁትን የዚያን ቀን ከየት ያመጣልኛል?» ብላቸው፣ «ሐዋ፣ ምላስሽማ መድኃኒት አላስፈለገውም» አሉኝ። እማም «አጎትሽ ናቸው፣ ታገሺ» አለች።

ታገስኩ። መምህሩ ሲያስረዱ አፋቸውን አያለሁ፤ የምሰማው ግን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ማሾ ሲወቃ ነው። ያንኑ መስመር አሥር ጊዜ አነባለሁ፣ አሥር ጊዜም አዲስ ነው። እልክ ይዞኝ አለቅሳለሁ። ጋሼ ያኔ መጥተው ፀጉሬን ይዳብሱኛል። ክፉ ቢሆኑ እኮ እጣላቸው ነበር፤ ክፉ አይደሉም፣ እሱ ነው የቸገረኝ።

ፈተናው ዛሬ ነው። ሱብሒ ሊሰግዱ ሲወጡ ቁልፉን ከትራሳቸው ሥር አወጣሁ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሳጥኑ ቆርቆሮ፣ ከተማው ደግሞ ሸዋ ሮቢት። እንክብሎቹ ቀልጠው አንድ ላይ ተጣብቀዋል፤ ጠርሙሱን ብገለብጠውም አንድም አልወድቅ አለኝ። ይዋጥ አይዋጥ አላውቅም። እንዲህ ያለውን የምጠይቀው አንተን ነበር።

ለጋሼስ በየትኛው አፌ ልንገራቸው? ትናንት በር ላይ ቆመው ለጎረቤቱ ሁሉ «ነገ መድኃኒቷን ውጣ ፈተና ስትገባ ልጃችንን ታዩዋታላችሁ!» ሲሉ አመሹ።

አባ፣ ደብተሬን እረሳለሁ፣ ጫማዬን እረሳለሁ፣ የዛሬውን ቀመርማ ከወዲሁ ረስቼዋለሁ። እንክብሏን መዳፌ ላይ አድርገህ፣ እስክውጣት ሳትቸኩል ትጠብቀኝ እንደነበር ግን አልረሳም። ይህን ቃል የምገባልህ ያለ መድኃኒት ነው።

ጫማ ሲጎተት ይሰማኛል። ሳጥኑን አልዘጋሁትም። ጋሼ በሩ ላይ ደርሰዋል፤ በአንድ እጃቸው ብርጭቆ ሙሉ ውኃ ይዘዋል፣ ፊታቸው ሁሉ ፈገግታ ነው፣ አሁን ሳጥኑን አዩት፣

«ሐዋ!»