የእማዬ መስኮት ጉዳይ

ለምሳሳልህ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተወህ ወይስ ዛሬም ከአልጋ ስትነሣ ግድግዳ ትደገፋለህ? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹስ አደጉ? እኛ አለን፣ ተመስገን። የእማዬ የዳሌ ስብራት ገጥሞ በምርኩዝ እስከ ጓሮ ትደርሳለች። አባባም አለ፤ ቁጣውም አብሮት አለ። ሰላም ነን ብዬ እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ፤ ግን ሆዴ አልቻለም።

ባለፈው እሑድ አባባ በስልክ "በሩም መስኮቱም አልቋል፣ ሐሳብ አይግባህ" ያለህ እውነት አይደለም። የእማዬ መኝታ ቤት መስኮት ዛሬ በላስቲክ የተሸፈነ ቀዳዳ ነው። በራችን ላይ የማዘጋጃ ቤት የእግድ ወረቀት ተለጥፏል። የቤቱ ካርታ በአንተና በአባባ ስም ስለሆነ ያላንተ ፊርማ ፈቃድ አይሰጡንም። ነገሩን ከሥሩ ልንገርህና አንተው ፍረድ።

ሌባ የገባብን በጠራራ ፀሐይ ነው። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ አባባ ጓሮ የቲማቲም ችግኙን ውሃ ያጠጣል። ሰውየው መስኮቱን ገፍቶ ዘሎ ገባና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ እማዬን ዝም በይ አላት። ሬዲዮዋንና ስልኳን ይዞ በመጣበት ወጣ። ድምፅ የወጣላት እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ከዚያች ቀን ወዲህ አባባ ሌላ ሰው ሆነ። "አሥር እርምጃ ላይ ቆሜ!" እያለ ጭንቅላቱን ይይዛል።

በሳምንቱ ግንበኛ አመጣ። አሮጌው የእንጨት መስኮት ተነቅሎ ግማሹ በብሎኬት ተደፈነ። በቀረችው ክፍተት ላይ የማይከፈት ብረት ተበየደባት፤ ድመት እንኳ አታልፍባትም። የፊት በሩም ብረት ሆነ። ከውስጥም ከውጭም ያለ ቁልፍ አይከፈትም፣ ቁልፉ ደግሞ ከአባባ ኪስ አይወጣም። ግንበኛው ራሱ "አባት፣ በነበረው ልክ መቀየር ሌላ ነው፤ ማጥበብ ግን ፈቃድ ይጠይቃል" ብሎት ነበር። አባባ ምን ቢል ጥሩ ነው? "በገዛ ቤቴ ለማስነጠስም ፈቃድ ልጠይቅ?" ግንበኛው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምነው ባልሳቅሁ።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ የቃጠሎ ሽታ ደጅ ላይ ተቀበለኝ። በሩ ተቆልፏል። አባባ የእማዬን መድኃኒት ሊገዛ ወጥቷል፣ ቁልፉም አብሮት። በማድ ቤቱ በኩል ጭስ ይትጎለጎላል። ዞሬ ወደ እማዬ መስኮት ሮጥሁ። ወንድም ጋሼ፣ በዚያች ክፍተት የወጡት አራት ጣቶቿ ብቻ ነበሩ። "ምድጃው ላይ ጨርቅ ረስቼ ነው መሰለኝ፤ ልጄ፣ ትንፋሽ አጠረኝ" ትለኛለች፣ ታስላለች። ብረቱን ይዤ ጎተትሁ፤ ንቅንቅ አላለም። ጩኸቴን ሰምቶ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ደረሰ። በመዶሻና በዲጂኖ የበሩን ማጠፊያ ሲገነጥል ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም። እኔ የእማዬን ጣቶች ይዤ "አይዞሽ" ከማለት በቀር ያደረግሁት የለም። በሩ ሲወድቅ ዘሎ ገባ፣ አፏን በአንሶላ ሸፍኖ ተሸክሟት ወጣ። የተቃጠለው አንድ ፎጣና አንድ መደርደሪያ ብቻ ነው።

አባባ ሲመጣ የመድኃኒቱ ፌስታል ከእጁ ወደቀ። እማዬን ዳብሶ ደህና መሆኗን ካየ በኋላ ግን "ጥፋቱ ቁልፍ ይዤ መውጣቴ ነው፤ ከእንግዲህ ከቤት አልወጣም" አለ። በማግስቱ የተገነጠለውን የበሩን ማጠፊያ መልሶ አስበየደው። መስኮቱንስ ብዬ ብጠይቀው በቁጣ ጦፈ።

ሐሙስ ከሥራ አስፈቅጄ ለማንም ሳልናገር ማዘጋጃ ቤት ሄድሁ። ዓርብ ጠዋት ተቆጣጣሪ መጣች፤ ረጋ ያለች ሴት ናት። መስኮቱን ለካች፣ ብረቱን ነቀነቀች። "አባት፣ በነበረው ልክ ቢቀይሩት ማሳወቅ ብቻ ይበቃ ነበር። የመኝታ ቤት መስኮት ግን ሰው የሚወጣበት መሆን አለበት፤ ብረትም ቢገባለት ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት" አለችው። አባባ የሌባውን ነገር እየጮኸ ነገራት። አዳመጠችውና ወደ አልጋው ዞራ "እናቴ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?" አለች። እማዬ ቀና ብላ፣ "ሌባው ሬዲዮዬን ነው የወሰደው። ባሌ ግን አየሩን ወሰደብኝ" አለች። ተቆጣጣሪዋ እግዱን ለጠፈች። የተደፈነውን ወዲያው እንድናፈርስ፣ አዲሱን ግን በፈቃድ ብቻ እንድንሠራ አዘዘች። በሠላሳ ቀን ካልተስተካከለ ክፍሉ ይታሸጋል።

እሷ እንደወጣች አባባ ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ገሰገሰ። "በሬን መስበርህ አንሶ ከሰስከኝ!" ብሎ በደንበኛ ፊት ጮኸበት። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቁሞ ያየዋል። እኔም ተከትዬ ደርሼ "አባባ፣ የሄድሁት እኔ ነኝ" አልሁ። ፊቱ ዐመድ መሰለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ዞሮ ወደ ቤት ተመለሰ።

ሦስት ቀን ሙሉ አላናገረኝም። ያቀረብሁለትን ምግብ ይበላል፣ ቀና ብሎ አያየኝም። አንተን በስልክ የዋሸህም በዚያው መሃል ነው። ትናንት ጠዋት የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ስሄድ አባባ በዚያ በሚያመው ጉልበቱ ተንበርክኮ ብሎኬቱን አንድ በአንድ እየነቀለ ያቀብላል፤ በውጭ በኩል የሚቀበለው ልብስ ሰፊው ነው። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። አባባ ፊቱን ሳያዞር "ፈርቼ ነው እኮ፣ ልጄ። ለወንድምሽም እንደዚያ ብለሽ ጻፊለት፤ ከኔ አፍ አልወጣ አለኝ" አለኝ።

አሁን ሃያ አምስት ቀን ቀርቶናል። የአዲሱ መስኮት ንድፍ ትናንቱኑ ተሠርቷል፣ አባባ ፈርሟል። እባክህ ውክልናህን አስጽፈህ ቶሎ ላክልን። ላስቲኩ ነፋስ በመታው ቁጥር እማዬ ትደነግጣለች፤ አባባም ወንበሩን እዚያው አድርጎ አይነሣም። ስትደውልለት አትቆጣው። መጀመሪያ ስለ ቲማቲሙ ጠይቀው።

ለባለቤትህ አክብሮቴን ንገርልኝ። ትልቋን ልጅ ግንባሯን፣ ትንሹን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። እማዬ "ወገብህን በሙቅ ጨርቅ እሰረው" ብላሃለች። አባባ ግን ፖስታውን "እኔው ራሴ አደርሳለሁ" ብሎ ከወዲሁ ጫማውን አጥልቆ ቆሟል።

ታናሽ እህትህ

ከእማዬ አልጋ አጠገብ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ በወሩ ስምንተኛ ቀን