አባባ በቻይና ባቡር

ለውድ ወንድሜ ኢርፋን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ከተክለ ሃይማኖት እስከ ጅዳ ናፍቆታችን ይድረስህ፤ እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ከአባባና ከአምስት የመርካቶ ነጋዴዎች ጋር ቻይና ደርሰን መጣን። ምግቡን ተወው፤ አባባ ሳምንቱን በሙዝና በሻይ ነው የከረሙት! ከጓንግዡ ወደ ዪዉ ከተማ ሌሊቱን በባቡር ስንጓዝ ግን ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ባቡሩ አንድ ጣቢያ ላይ ሲቆም ነቃሁ፤ የአባባ አልጋ ባዶ ነው። እየጮኽኩ ወደ በሩ ስሮጥ ሻንጣቸውን ይዘው በጨለማው ሲሄዱ አየኋቸው። ከነጋዴዎቹ አንዱ፣ ኪዳነወልድ፣ ዘሎ ወርዶ አቅፎ አስገባቸው፤ በሩ ወዲያው ተዘጋ።

«አባባ፣ ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«ወልቂጤ ደረስን አይደል እንዴ? እናትሽ እየጠበቀችን ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። እማዬ፣ አላህ ይዘንላትና፣ በሕልማቸው መጥታ ይሆናል።

አሁን ደህና ናቸው፤ ሱቅ ይውላሉ፣ ከደንበኛ ጋር ይቀልዳሉ። መስጊድ ሲሄዱ ብቻ እስከ በሩ እሸኛቸዋለሁ፤ መንገዱ እኮ በመኪና ተጨናንቋል። ትናንት «ለኢርፋን ምሳ አስቀምጪለት» አሉኝ፤ አስቀመጥኩልህ።

ለዓረፋ ና፤ ለከርሞው ሳይሆን ለዘንድሮው። ልጆችህን ሳምልኝ፤ አላህ በሰላም ያገናኘን።

እህትህ ሀፍሷ