ከእጢው ምርመራ በኋላ

ልጄ አጵሎስ፣ ጌታ በሄድክበት ሁሉ ጥላ ይሁንህ። ደቡብ አፍሪካ ብርድ ገብቷል አሉ፤ ደርበህ ልበስ። እኛ ሆሳዕና ደህና ነን። እህትህ ገነቴም ተመርቃለች።

የአባትህ ነገር ግን አላማረኝም። ከኩላሊቱ በላይ ካለው እጢ የተወሰደው ናሙና ተመርምሮ መጣ። ሐኪሙ እንዳስረዱን፣ ካንሰሩ ውስጥ አንድ ኢንዛይም በርከት ብሎ ከተገኘ ሊያዙለት ያሰቡት ክኒን ይሠራል ተብሎ ይገመታል። በእሱ የተገኘው ግን በጣም ትንሽ ነው። "ምልክት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፤ እንጀምርና እንየው" አሉን።

ክኒኑን ጀመረ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ለባብሶ ሞርሲቶ ከተማ ሄደ፤ በመሬት ተጣልተው ዘጠኝ ዓመት ካላነጋገረው ወንድሙ ዘንድ። ተቃቅፈው አለቀሱ። ስንት ዓመት የጸለይኩበት ዕርቅ ነው፤ ሲነግረኝ ግን ከደስታዬ ፍርሃቴ በለጠ።

"ምነው አሁን?" ስለው፣ "ሳልጨርሰው እንዳልቀር ብዬ ነው" አለኝ።

ልጄ፣ ሥራ በዛብኝ ሳትል ደውልለት። ስለ ውጤቱ አትጠይቀው፤ ድምፅህን ብቻ ይስማ። "መቼ ትመጣለህ?" ካለህ ግን፣ እባክህ "ቆይ" አትበለው።

ጌታ ደጃችንን በደህና ያስረግጥህ።

እናትህ ማራኪ